ብረቱ ሳይናከስ

ጥሪው ገንዳ ውሃ ፖሊስ ጣቢያ የደረሰው ማክሰኞ ከቀኑ ዘጠኝ ተኩል ላይ ነበር። ኢንስፔክተር አሰበች ስልኩን ስታነሣ የሽንፋው ፖሊስ ድምፅ እየተቆራረጠ መጣ።

«ክሊኒክ ግቢ ውስጥ አንድ ልጅ ከውሃ ታንከር ማማ ወድቆ ሞቷል። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። አደጋ ስለሆነ እርስዎ እንኳ ባይደክሙ...»

«አደጋ መሆኑን ማን ነገረህ?»

«ዶክተር አዛናው ናቸው።»

«ሲወድቅ አይቶታል?»

መልሱን ሳትጠብቅ ቦርሳዋን አነሣች።

«ከወደቀበት እንዳታነሡት። መጣሁ።»

አሰበች ወደ ቆላ ስትመደብ ለሁለት ዓመት ነው ተብላ ነበር፤ ይኸው ስድስተኛውን ያዘች። ዝውውር ጠይቃ የጻፈቻቸው ሦስት ማመልከቻዎች የት እንደ ገቡ የሚያውቅ የለም። ባሏ ከሞተ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል፤ ልጅ አልወለደችም። ከሥራ ስትወጣ የሚጠብቃት አንድ የኪራይ ክፍልና ሲዞር የሚንቋቋ ማራገቢያ ነው። ስለዚህ ነይ ወደተባለችበት ለመነሣት ጊዜ አይፈጅባትም፤ ደኅና ሁኑ ብላ የምትሰናበተው ሰው የላትም።

ሽንፋ ስትደርስ ፀሐይዋ አዘቅዝቃለች፤ ሙቀቱ ግን ገና ከመሬት ይነሣል። ክሊኒኩ እፎይታ ይባላል። ከፊት ሦስት ክፍሎች፣ ከጎን የዶክተሩ መኖሪያ፣ ከኋላ የጄኔሬተር ቤትና ዘጠኝ ሜትር የሚሆን የብረት ማማ አለው። ማማው አናት ላይ የውሃ ታንከርና ሳሕን የምታህል አንቴና ተቀምጠዋል። ልጁ ከማማው ሥር በቀኝ ጎኑ ወድቆ ነጠላ ተጥሎበታል።

አዛናው ሊቀበላት ወጣ። አርባ አምስት ዓመት ገደማ የሆነው፣ ዓይኑ ሥር የደከመ ሰው ነው። በሙያው ጤና መኮንን ነው እንጂ ዶክተር አይደለም፤ ለሽንፋ ሰው ግን ከእሱ ወዲያ ዶክተር የለም። አስከሬን የሚመረምር ቢፈለግም እሱው ነው።

«ሙነወር ይባላል፤ የሐሚዳ ልጅ» አላት። «ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ኔትወርክ ደኅንነት ያጠና ነበር፤ ዘንድሮ ተመራቂ ነው። የመመረቂያ ሥራውን በእኛ ክሊኒክ ላይ ነበር የሚሠራ። ያቺን አንቴና የሰቀላት እሱ ነው።»

«መቼ ሞተ?»

«ስምንት ሰዓት ተሩብ ቢሆን ነው። በስምንት ተአሥር ለካርድ ክፍሉ ባየልኝ መልእክት ልኮለታል፤ አንቴናው ዞሯል፣ ልወጣ ነው ብሎ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዘበኛው አገኘው። እኔ ማዘጋጃ ቤት ስብሰባ ላይ ነበርሁ፤ ደውለው ጠሩኝ። ስደርስ ሰውነቱ ገና አልደረቀም ነበር።»

አሰበች ነጠላውን ገልጣ ተንበረከከች። ሃያ ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው። ፊቱን ብዙ አላየችም፤ እጁን ነው የያዘችው። መዳፎቹን አንድ በአንድ ገለጠቻቸው። አንዱ ጣት ላይ የእስክሪብቶ ቀለም አለ፤ ከዚያ በቀር ለስላሳ የተማሪ እጅ ነው። ቀጥላ የቀኝ ኪሱን ፈተሸች። የዚያ ጎን የዳሌ አጥንት ደቅቆ ሱሪው በደም ተጣብቋል። ከውስጡ ያወጣችው ስልክ ግን መስተዋቱ ላይ ጭረት እንኳ የለውም። ስትነካው ያለ ቁልፍ ተከፈተላት።

«የኮምፒውተር ደኅንነት ተማሪ ስልኩን አይቆልፍም እንዴ?» አለች ለራሷ።

አዛናው ትከሻውን ሰበቀ። «ልጁ ለእናቱ ይሰጣት እንጂ፣ ኢንስፔክተር። እስላም አስከሬን አያሳድርም።»

«ይሰጣት» አለች፤ ስልኩን ግን ከቦርሳዋ ከተተችው።

ፀሐይዋ ሳትጠልቅ ሠራተኞቹን አንድ በአንድ አነጋገረች። ሦስት ናቸው።

ዘበኛው ደሴ ከወገራ በወጣትነቱ ለሰሊጥ አጨዳ ወርዶ በዚያው የቀረ ሽማግሌ ነው።

«አያ ደሴ፣ ሲያገኙት ነካ አድርገውት ነበር?»

«እንዴታ! ነፍስ ያለው መስሎኝ ክንዱን ያዝሁት። እንደ ግራር እንጨት ደርቆ አልታጠፍ አለኝ።»

«እስከ ዘጠኝ ሰዓት ወደ ኋላ ግቢ የሚዘልቅ ሰው የለም?»

«ምን ሊሠራ! ጄኔሬተር የማስነሣው እኔ ነኝ፤ እሱም ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ሌሊት እጠብቃለሁ፣ አንድ ሰዓት ሲሆን ወጥቼ እተኛለሁ። እንዲያውም ዛሬ ዶክተር አዝነውልኝ በአሥራ ሁለት ተኩል ለቀቁኝ። ሂድ ተኛ፣ እኔ አለሁ አሉኝ።»

«ከዚህ በፊት እንዲህ አዝነውልዎት ያውቃሉ?»

ሽማግሌው ጥቂት አሰበ። «ሥራ የሚበዛባቸው ሰው ናቸው» አለ።

የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ ባየልኝ ገና ሳትጠይቀው ስልኩን አውጥቶ መልእክቱን አሳያት።

«ይኸው፤ በስምንት ተአሥር ደረሰኝ።»

«ለምን አልሄድህለትም? ክፍልህ ከማማው ሠላሳ እርምጃ አይሞላም።»

ወጣቱ ጎንበስ አለ። «እሱ ከመምጣቱ በፊት ኮምፒውተር ሲበላሽ የምጠራው እኔ ነበርሁ። እሱ ከመጣ ወዲህ እኔን ማን ያየኛል! ቅናት ይበሉት። መልእክቱን አየሁና ይውጣ፣ ምን አገባኝ ብዬ ተውሁት። ብሄድለት ኖሮ መሰላሉን እይዝለት ነበር።» እንባው መጣና ፊቱን አዞረ።

ነርሷ ሳጂዳ ደግሞ ቀና ብላ አላየቻትም። «ዶክተር ሁሉንም ተናግረዋል» አለች።

«እኔ አንቺን ነው የጠየቅሁ። ስትደርሺ ምን አየሽ?»

«ሞቶ ነበር።»

«ምን ያህል ሞቶ ነበር?»

ሳጂዳ መርፌዎቹን ከትሪው ላይ አንድ በአንድ መደርደር ጀመረች። ከጀርባዋ ግድግዳው ላይ ስሟና የኮምፒውተሯ ይለፍ ቃል በትልቁ ተጽፎ ተለጥፏል። አሰበች ያንን አየችና ሌላ ሳትጠይቅ ወጣች።

በማግሥቱ ጧት ሙነወር ተቀበረ። ለቅሶ የመጣው ሰው ሲበተን አሰበች ወደ ሐሚዳ ቤት ገባች። ሐሚዳ ገበያ ዳር ከርከዴ የምትሸጥ ሴት ናት፤ ባሏ ከሱዳን ድንበር ማዶ ወደ ገላባት ሲመላለስ መኪና ተገልብጦበት ከሞተ ቆይቷል። አንድ ልጅ ነበራት። ጥቁር ቶቧን እስከ ግንባሯ ስባ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣለች።

«አላህ ያጽናዎት» አለቻት አሰበች።

«አሚን፣ እህቴ። ይቀመጡ።»

ሐሚዳ አጠገቧ ካለው ጆግ ከርከዴ ቀድታ ሰጠቻት። ከዚያ አሰበች ለስለስ ብላ ጠየቀች። «ትናንት ከቤት የወጣው በስንት ሰዓት ነው?»

«ሱብሒ ሰግዶ ወጣ። ማማ የሚወጣበት ቀን እንዲያ ነው፤ ቁርሱን እንኳ አይበላልኝም። ብረቱ ሳይናከስ ልድረስ ይላል። የቆላ ልጅ ነው፣ የፀሐይን ነገር ያውቃል። ሁለት ሰዓት ካለፈ ያንን መሰላል ቢሞት አይነካውም ነበር። አንድ ቀን ተሳስቶ ይዞት ሳምንት ሙሉ እኔው ነኝ ያጎረስሁት።»

አሰበች እጇ ላይ የነበረውን የከርከዴ ብርጭቆ ቀስ ብላ አስቀመጠችው።

«ስልኩንስ ለምን አይቆልፍም ነበር?»

ሐሚዳ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለች። «በእኔ ምክንያት ነው። ፊደል አልቆጠርሁም፤ ቁጥሩ ይጠፋብኛል። ማታ ማታ ገላባት ያለችው እህቴ ጋር በእሱ ስልክ ነው የማወራው። የሌላ ሰው ኮምፒውተር ሁሉ ቆልፉ ቆልፉ ሲል የእሱ ስልክ ግን ክፍት ነበር።»

ከዚያ ተነሥታ ከሳጥኗ ውስጥ ጠርዙ የተጣጠፈ ደብተር አመጣች። «ይህን የጻፈው ለእኔ ነው። ምን እንደምማር ይግባሽ ብሎ። ዓርብ ዓርብ አንድ አንድ ገጽ ያነብልኝ ነበር። የቀረውን ማን ያነብልኛል?»

አሰበች መነጽሯን አድርጋ ድምፅ እያወጣች አነበበች።

«እማ፣ ኔትወርክ ማለት መንገድ ነው። ኮምፒውተሮች በእሱ ይላላካሉ። የእኔ ትምህርት መንገዱን መጠበቅ ነው። በመንገዱ ላይ እንደ መተማ ኬላ ያለ ፈታሽ እናቆማለን፤ የሚገባውን ያሳልፋል፣ የማይገባውን ይመልሳል። ኬላው መዝገብ አለው። የማን ስልክ ገባ፣ የማን ስልክ ወጣ፣ በስንት ሰዓት፣ ሁሉንም ይጽፋል። ሰው ይዋሻል፤ መዝገቡ ግን ምን አግብቶት ይዋሻል? በክሊኒኩ የአምስታችንንም ስልክ በየስማችን መዝግቤአለሁ። አንዳችን ከግቢው በር ስንርቅ ወጣ ይላል፤ ስንመለስ ገባ ይላል። መብራት ቢጠፋም በሶላር ይሠራል።»

ሌላ ገጽ ገለጠች።

«እማ፣ ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ከክፍላችን የቆላ ልጅ እኔ ብቻ ነኝ። ስናገር ይስቁብኛል። ሌሊት ቤተ መጻሕፍት ገብቼ የማነበው ትምህርቱን ወድጄ ብቻ አይደለም፤ መኝታ ክፍል የሚያጫውተኝ ስለሌለ ነው። እዚህ ስመጣ ደግሞ የተማርሁትን የምነግረው ሰው የለኝም። እዚያ የቆላ ልጅ ነኝ፣ እዚህ የኮምፒውተር ልጅ። አንቺ ባትኖሪ ኖሮ በሁለቱም አገር እንግዳ ነበርሁ።»

ሐሚዳ አፏን በቶቧ ሸፈነች። አሰበች ትንሽ ጠብቃ ቀጠለች። የመጨረሻው ገጽ የሰኞ ነው።

«እማ፣ ዛሬ አንድ ነገር አገኘሁ። የመመረቂያ ሥራዬ የክሊኒኩ መረጃ በድብቅ ሊቀየር ይችላል ወይ የሚል ነው። ስለዚህ በየቀኑ የመዝገቡን ቅጂ አስቀምጣለሁ። አሮጌውን ከአዲሱ ሳስተያይ አንድ በሽተኛ ተቀይሮ አገኘሁት። ምናለ የሚባል፣ ከጎጃም ለምንጣሮ የመጣ የቀን ሠራተኛ ነው፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ። በመጋቢት እዚሁ ሞቷል። አሮጌው ቅጂ ፔኒሲሊን አይስማማውም ይላል፤ የእናቱም ስልክ አለበት። አዲሱ ላይ ሁለቱም የሉም። የተወጋው ግን ፔኒሲሊን ነው። የተቀየረው በሲስተር ሳጂዳ ስም ነው፤ ያን ቀን ግን እሷ እኅቷን ልታስወልድ ገንዳ ውሃ ሄዳ ነበር። ስም በር ነው፤ በበሩ የገባውን ሰው አያሳይም። እናቱ ልጄ ሥራ ላይ ነው ብላ ትጠብቀው ይሆናል።»

ከዚህ ቀጥሎ አንድ መስመር አለ። አሰበች እሱን በዝምታ አነበበችውና ደብተሩን ዘጋችው።

«እትዬ ሐሚዳ፣ ይህን ደብተር እስከ ማታ ያውሱኝ። ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ እርስዎም ክሊኒክ ይምጡ።»

ስምንት ሰዓት ሲሆን ብቻዋን ከማማው ሥር ቆማ ነበር። ግቢው ጭር ብሏል፤ ውሻ እንኳ ከጥላ አይወጣም። መሰላሉን በባዶ እጇ ያዘች። ሁለተኛውን መወጣጫ፣ ሦስተኛውን ረገጠች። አራተኛው ላይ ጮኻ ለቀቀችው። የተለበለበ መዳፏን በሌላው እጇ ይዛ ወደ ካርድ ክፍል ገባችና ባየልኝን ከደጅ እንዲቆይ ነግራ ደብተሩን ከኮምፒውተሩ አጠገብ ዘረጋች። ሙነወር ለእናቱ እንዲገባ አድርጎ የጻፈው ለእሷም ገባት። በወጣትነቷ ሦስት ዓመት ኬላ ላይ ሠርታለች፤ መዝገብ ማንበብ ታውቅበታለች። ማክሰኞን ፈልጋ አገኘችው፤ አምስት ስሞች፣ ከፊታቸው ገባ፣ ወጣ፣ ሰዓት። ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ አሮጌውን ቅጂ ከፍታ አንድ ስልክ ቁጥር በወረቀት ላይ ጻፈች።

አሥር ሰዓት ላይ ሁሉም ከግቢው ኒም ዛፍ ሥር ተሰበሰቡ። አዛናው ወንበር ላይ፣ ደሴ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፤ ሳጂዳና ባየልኝ ቆመዋል። ሐሚዳ ከሁሉም ራቅ ብላ ግንዱን ተደግፋለች። የሽንፋው ፖሊስ በሩ ላይ ቆመ።

«መጀመሪያ ያየሁት እጁን ነው» ብላ ጀመረች አሰበች። የራሷን መዳፍ ዘርግታ አሳየቻቸው፤ ቀልቶ ውሃ ቋጥሯል። «ዛሬ በስምንት ሰዓት መሰላሉን ያዝሁት። አራት መወጣጫ አልሞላሁም። ሙነወር ሠላሳውን ወጣ ነው የምትሉኝ። ጓንት አልነበረው፣ ጨርቅ አልነበረው፤ መዳፉ ግን ለስላሳ ነበር። ስለዚህ በስምንት ሰዓት ማማው ላይ አልወጣም። ሲወጣ ጧት ነው፣ ብረቱ ሳይናከስ። እናቱም ይህንኑ ይመሰክራሉ።»

«ታዲያ መልእክቱስ?» አለ ባየልኝ።

«እደርስበታለሁ። ሁለተኛው ነገር አያ ደሴ የያዙት ክንድ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንደ ግራር ደርቆ ነበር። ሰው ከሞተ ገና ሰዓት ሳይሞላው እንዲያ አይደርቅም። ዶክተሩ ግን ስደርስ አልደረቀም ነበር አለኝ።»

«ሽማግሌው ተደናግጦ ነው» አለ አዛናው። «ኢንስፔክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ይህ የእርስዎ ሙያ አይደለም።»

«እውነት ነው፤ አይደለም። በሙያዬ ልቀጥል። ሦስተኛው ስልኩ ነው። ሰውየው ከዘጠኝ ሜትር በቀኝ ጎኑ ወድቆ ዳሌው ደቅቋል፤ ከቀኝ ኪሱ ያገኘሁት ስልክ ግን ጭረት የለበትም። ሲወድቅ ስልኩ ኪሱ ውስጥ አልነበረም። ከሞተ በኋላ የከተተው ሰው አለ። መልእክቱንም የላከው ያ ሰው ነው፤ ስልኩ ቁልፍ የለውምና።»

ሐሚዳ በዝግታ ጭንቅላቷን ግንዱ ላይ ጣለች። ልጇ በዓለም ላይ ክፍት የተወው አንድ በር ለእሷ የተወው ነበር፤ ገዳዩም በዚያ ገባ።

አሰበች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ቀጠለች። «እንግዲህ ልጁ ጧት ሞቶ ሳለ በስምንት ሰዓት ሞተ ማሰኘት ማንን ይጠቅማል? ባየልኝና ሳጂዳ በስምንት ሰዓት እዚሁ ነበሩ፤ ሰዓቱ ስምንት ቢባል ጥርጣሬውን በራሳቸው ላይ መጎተት ነው። አያ ደሴ ቤታቸው ብቻቸውን ተኝተዋል፤ ምስክር የላቸውም። በስምንት ሰዓት ስብሰባ ላይ ሃያ ምስክር ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው። ጧት ዘበኛውን አዝኖለት ቀደም ብሎ የላከውም ያው ሰው ነው።»

አዛናው ሳቀ፤ ሳቁ ግን ዓይኑ ላይ አልደረሰም። «ስብሰባ መዋል ወንጀል ሆነ?»

«አልሆነም። አሁን መዝገቡን ላንብብ። ይህን የኬላ መዝገብ ያቆመው ሙነወር ነው። ማክሰኞ፤ የሙነወር ስልክ ከጧቱ በአሥራ ሁለት ሰዓት ከሠላሳ ስምንት ገባ። እስከ ቀትር እዚሁ ነበር። ከዚያ በስድስት ሰዓት ከአምሳ አንድ ወጣ ይላል። ሬሳው ከማማው ሥር ተጋድሞ ሳለ ስልኩ በእግሩ ሄደ? ያን ጊዜ ከግቢው የወጣ ሌላ ስልክ አንድ ብቻ ነው። የዶክተር አዛናው፣ በስድስት ሰዓት ከአምሳ አንድ። መልእክቱ ሲላክ ሁለቱም ስልኮች ግቢው ውስጥ አልነበሩም። በዘጠኝ ሰዓት ከአሥራ ሦስት የዶክተሩ ስልክ ተመለሰ፤ በዚያችው ደቂቃ የሙነወርም ተመለሰ። አብረው ወጥተው አብረው ገቡ።»

ደሴ ከድንጋዩ ላይ ተነሥቶ ቆመ።

«ማሽን ይሳሳታል» አለ አዛናው።

«አልተሳሳተም!»

የጮኸችው ሳጂዳ ናት። «አያ ደሴ ሲጠራን ቀድሜ የደረስሁት እኔ ነኝ። ለእናቱ ልደውል ብዬ ኪሶቹን ፈተሽሁ፤ ሁለቱንም። ባዶ ነበሩ፣ ወላሂ። ክንዱም ደርቆ ነበር፣ ደሙም ደርቆ ነበር። ዶክተር መጥተው ተንበረከኩ፣ ዞር በሉ አሉን፤ ፖሊስ ሲመጣ ስልኩ ከኪሱ ወጣ። አየሁና ዝም አልሁ።»

«ለምን ዝም አልሽ?» አለቻት አሰበች።

«ምናለን የወጋሁት እኔ ስለሆንሁ ነው። አይስማማኝም እያለ ነው ብዬ ነግሬያቸው ነበር። ሁሉም እንዲያ ነው የሚሉ፣ ውጊ አሉኝ፤ ወጋሁት። በእጄ ላይ ነው የሞተ። ሰኞ ዕለት ሙነወር መዝገቡ በስምሽ ተቀይሯል ሲለኝ አለቀልኝ አልሁ። አፌን ብከፍት በእኔ እንደሚያመካኙ አወቅሁ።»

አሰበች ደብተሩን ከፈተች። «ሙነወር አንቺን አልጠረጠረሽም። ዶክተሩንም አልጠረጠረም። የመጨረሻው መስመር እንዲህ ይላል፤ ‹ዛሬ ማታ ለዶክተር አዛናው እነግራቸዋለሁ፤ ደግ ሰው ናቸው፣ ሲሰሙ ያስተካክሉታል።›»

አዛናው ፊቱን በሁለት እጁ ያዘ። ሲናገር ለማንም አልነበረም።

«ሦስት ሌሊት አልተኛሁም ነበር፣ ያን ሳምንት። ወባ ከአብደራፊ እስከዚህ አገሩን አጥለቅልቆት ነበር። ማን ነበር ከእኔ ሌላ? አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተሳሳትሁ። እሱንም በሳጂዳ ይለፍ ቃል ገብቼ ከመዝገቡ አጠፋሁት። ሰኞ ማታ መጣና ለልጁ እናት እንንገራት አለኝ። ጧት ማማው ላይ የተከተልሁት ልለምነው ነው። ስልኩን ከታች ትቶ አንቴናውን ያስተካክል ነበር። ክሊኒኩ ይዘጋል፣ ሕዝቡ ያለ ሐኪም ይቀራል አልሁት። እውነቱን እንንገራትና እርስዎም ያርፋሉ አለኝ። ልክ እንደ ሕፃን የሚያባብለኝ መሰለኝ። ገፋሁት።» ቀና አለ። «ምናለ እኮ የቀን ሠራተኛ ነበር። ዘመድ የለው፣ ቀባሪ የለው። ማንም አልጠየቀውም።»

«ልጄ ጠየቀ» አለች ሐሚዳ።

ፖሊሱ ከበሩ መጣና አዛናውን በክንዱ አነሣው። ሳጂዳ ቃሏን ልትሰጥ ራሷ ተከትላቸው ሄደች። በሩ አጠገብ ነገ ተመልሰው ይምጡ የተባሉ በሽተኞች ሐኪሙ ወዴት እንደሚወሰድ እያዩ ቆመው ነበር፤ አንዲት ሴት ያቀፈችው ሕፃን ሳል ይዞታል። አሰበች ዓይኗን ከእነሱ ላይ ማንሣት አቃታት። እውነት ወጣ፤ ሽንፋ ደግሞ ዛሬ ያለ ሐኪም ታድራለች።

ሰዉ ከግቢው ሲወጣ ሐሚዳ እንደ ተቀመጠች ነበር። አሰበች ቀርባ ቁጥር የጻፈችበትን ወረቀት አሳየቻት።

«የምናለ እናት ስልክ ነው። በሕጉ እኔ ነኝ የማረዳት። ግን ምን ብዬ እንደምጀምር...»

«ይደውሉልኝና ለእኔ ይስጡኝ» አለች ሐሚዳ። «ልጄ ሊያደርገው የነበረ ነገር ነው።»

ስልኩ ብዙ ጠራ። ከዚያ ከሩቅ፣ ከደጋ፣ የአንዲት አሮጊት ድምፅ መጣ።

«ማን ልበል?»

«ሐሚዳ እባላለሁ፣ እናቴ። ከመተማ በኩል ነኝ።»

«ውይ ውይ፣ ከመተማ! ልጄን ታውቂዋለሽ? ምናለን? እንደ ወረደ ድምፁ ጠፋብኝ።»

ሐሚዳ ዓይኗን ጨፈነች። «እኔስ አላውቀውም። የእኔ ልጅ ነው የሚያውቀው። አጠገብዎ ሰው አለ? ይቀመጡ፣ እናቴ፤ ቀስ ብዬ እነግርዎታለሁ።»

ነገረቻት። ሁሉንም አልነገረቻትም፤ ለዛሬ የሚበቃውን ብቻ ነው። ከወዲያ በኩል ጩኸት መጣ፣ ከዚያ የጎረቤት ድምፅ፣ ከዚያ ጸጥታ። አሰበች ተዘጋ ብላ ስልኩን ልትቀበል እጇን ዘረጋች። ሐሚዳ ግን አልሰጠቻትም። አሮጊቷ አልዘጋችም ነበር። ትንፋሿ ይሰማል። ሁለቱ ሴቶች አንድም ቃል ሳይለዋወጡ ስልኩን እንደ ያዙ ቀሩ።

ገንዳ ውሃ የሚመልሳት መኪና ሞተሩን አስነሥቶ ከደጅ ይጠብቅ ነበር። አሰበች ወጥታ ሾፌሩን «አጥፋው» አለችው፤ ተመልሳም ከሐሚዳ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠች።